ወንድ የጠፋበት ቅዳም ስዑር

እኛ ቤት ወንድ አልነበረም። አባቴ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ነን። የእናቴን ዶሮዎች ከጨመርን አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበረን፤ እሱም ለፋሲካ ታስቦ የቆየ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሦስት ሴቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ጎመን ተክለው፣ ዶሮ አርብተው፣ ስፌት ሰፍተው ይኖራሉ፤ ይኼ ምኑ ያሳዝናል? ብቻ ዓመት በዓል ሲደርስ ያ ሁሉ ጉልበታችን አንዲት ቢላዋ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በእኛ አገር ሴት አታርድም። ዶሮውን ታሳድጋለች፣ ትገነጥላለች፣ ትሠራለች፣ ታበላለች፤ አንገቱን መቁረጥ ግን የወንድ ነው። ሴት ያረደችውን የሚበላም የለም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «ልማድ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አታገኙም። እኔ ጠይቄ አይቻለሁ።

ቤታችን ዳባት ነው፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፈው አስፋልት ዳር። ከፊት ለፊት ስታዩት ተራ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሀብታችን ያለው ጓሮ ነው። እናቴ አክርማዋን ቀለም ነክራ የምታሰጣው እዚያ ነው፤ ስንደዶዋን እያረጠበች መሶብና ሰፌድ የምትሰፋውም እዚያው የጥድ ጥላ ሥር ነው። ዶሮዎቹና ስፌቱ ሲጣሉ ይውላሉ። አንዷ ቄብ የተሰጣው ሣር ላይ ወጥታ ትጭራለች፣ ሌላዋ ተሰፍቶ ያላለቀ እንቅብ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። እናቴ ወስፌዋን እንደያዘች «እሽ! እሽ!» እያለች ትነሳና እንቁላሉን ስታይ «ደግ አደረግሽ» ብላ መልሳ ትቀመጣለች። እኔን አስተምራ ለሥራ ያበቃችኝ በዚያ ጓሮ ነው። ኮሶዬ ያለ አንድ ሎጅ ክዳን ያላቸውን ትንንሽ ስፌቶች ለእንግዶቹ እያለ ይወስድላታል፤ እንቁላሉን ደግሞ ሰፈሩ ይሻማበታል።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አምባ ጊዮርጊስ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። አባቴን ከቀበርን ጀምሮ በየበዓሉ ዋዜማ በሚኒባስ ይመጣና ያርድልናል። ማረዱ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚረዝመው። እጁን ታጥቦ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ይቀመጥና ግቢ ውስጥ የትኛው ዛፍ መቆረጥ እንዳለበት፣ እህቴ ፀጉሯን ለምን እንደዚያ እንደምትሠራ፣ እኔ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ሲናገር ያመሻል። ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል። እኔ ግን በአንድ ዶሮ አንገት ስንት ሥልጣን እንደሚገኝ ያየሁት በእሱ ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሳይገባ መጣና ለቤታችን ገዢ እንዳገኘለት ነገረን። ሰውየው ቦታውን አስፋልት ዳር በመሆኑ ለሆቴል ፈልጎታል። እኛ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ሄደን አጎቴ ግቢ ውስጥ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች እንገባለን። እናቴ እስኪጨርስ ሰማችውና «ጓሮ አለው?» አለችው። ሳቀ። ግቢው ሲሚንቶ የተነጠፈበት የጭነት መኪና ማቆሚያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ጓሮ ምን ያደርግልሻል?» አላት። «እህሉን እኔ አሰፍርልሻለሁ፣ አንቺ ዕረፍ በይ።» እናቴ «አልሸጥም» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ቤቱ በሕግ የእሷ ነው። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር የሚያልቀው ሽማግሌ ፊት ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ሽማግሌ የተላከባት መበለት ደክሟት እሺ ስትል ስንት ጊዜ አይተናል።

በሕማማቱ ሐሙስ አጎቴ እኔ ጋ ደወለ። «ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። «ለቤቱ እሺ እስክትል እኔ አላርድላችሁም። ያለ ወንድ ቤት አስተዳድራለሁ ካለች እስቲ ፋሲካን ታሳየን። እሑድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ አፏን ሞልታ አልሸጥም ትበለኝ።» ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን ልናገር ስል ዘጋው። ግልፍተኛ ነኝ፤ ያንን ስልክ ግድግዳ ላይ ያልወረወርኩት ሌላ መግዛት ስለማልችል ብቻ ነው። ጓሮ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። የጀመረችውን ዙር ሰፍታ ጨረሰች፣ ወስፌዋን እንቅቡ ላይ ሰካች፣ ቀና ብላም አየችኝ።

«ገበያ ሳይበተን ሽንኩርት ግዢ» አለች።

«እማዬ፣ ማን ያርደዋል?»

«ቀይ ሽንኩርት። ትንንሹን። ትልልቁ ውሃ ነው።»

ቅዳም ስዑር ጠዋት ካህናቱ ቄጤማ አደሉን። ትልቅ ትንሹ ቄጤማውን ራሱ ላይ አስሮ የሚውልበት ቀን ነውና እኛም አሰርን። እናቴ አክፍሎት ይዛ ነበር፤ ከስቅለት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። እንደዚያ ሆና ሽንኩርቱን ስትከትፍ ዋለች፤ ጣደችውም። ገና ዶሮው እግሩን ታስሮ ጓሮ እየጮኸ፣ አራጅ ሳይገኝ፣ ቁሌቱን አበሰለችው። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ እስኪጠቁር ያለ ቅቤ አማሰለችው፣ በርበሬውን ጨመረች፣ አሁንም አማሰለችው። ጾም ነውና መቅመስ የለም። ጨውን በእጇ መዝና፣ ብስለቱን በአፍንጫዋ አሽታ ነው የምትሠራው። እኔ «ሥጋው ሳይገኝ ወጡ ተሠራ» ብዬ ላሾፍ ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት አጥር የሚያዋስኑን አዛውንት ጎረቤታችን ጋ ነው። አባቴ በነበረ ጊዜ ከቤታችን አይጠፉም ነበር። ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ አንድ ዶሮ ይባርኩልን።»

«እጄን እየቆረጠመኝ ነው፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን አሹት።

«ሐሙስ ዕለት እንጨት ሲፈልጡ አይቼዎታለሁ።»

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሰው መዋሸት አይሆንላቸውም። «አጎትሽ ደውሎልኛል» አሉ በመጨረሻ። «ነገም ለሽምግልና ይምጡ ብሎኛል። የቤተሰብ ነገር ነውና እጅዎን አያስገቡ አለኝ። እንዴት አድርጌ ልግባ?»

«አባባ፣ ዶሮ ነው እኮ ያልኩዎት።»

«ነገሩ ዶሮ አይደለም፣ ልጄ። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ሌላ ሁለት ቤት አንኳኳሁ። አንዱ ለበዓል ገጠር ወርዷል አሉኝ። ሁለተኛው ተኝቷል ተባልኩ፤ ተኝቷል ስትለኝ ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። አጎቴ ስንት ቦታ እንደደወለ ያኔ ገባኝ። በንዴት ወደ ቤት ስመለስ አስፋልቱ ላይ ከደባርቅ የመጣ ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ዳሩን ተበትኗል። ከነሱ መሀል ጃኬት የለበሰ፣ ሸክም የማይከብደው የሚመስል ደልዳላ ሰው አጥራችንን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። አጎቴ የዚህን ሰው ቁጥር እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ እጅህን አውሰን» አልኩት። «ከደቂቃ አይበልጥም።»

«ምን ችግር አለው» ብሎ ተከተለኝ።

ጓሮ አስገባሁት። እህቴ እጁን አስታጠበችው። እናቴ ሰውየውን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ቢላዋውን በሁለት እጇ አቀረበችለትና «ባርክልን፣ ልጄ። እግዜር ይስጥህ» አለችው። ሰውየው ቢላዋውን አየ፣ ዶሮውን አየ፣ እኛን ሦስታችንን አየ። ሦስታችንም ራሳችን ላይ ቄጤማ አስረናል። እሱ ራስ ላይ ምንም የለም። ያኔ ነው ዓይኔ የበራው። በቅዳም ስዑር ዕለት ሰው ስትጠሩ መጀመሪያ የምታዩት ራሱን ነው፤ እኔ ግን በንዴት ጡንቻውን ብቻ አይቼ ነው የጠራሁት።

«እማማ» አለ ሳቁን እየታገለ፤ «እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ። እህቴ እጅህን አውሰን ስትለኝ ዕቃ የምንሸከም መስሎኝ ነው።»

እናቴ «ውይ በሞትኩት!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እህቴ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እሱ ያረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እሱ አይበላም፤ ይህን የማያውቅ በአገሩ የለም። እኔ ግን ሰውየውን አርድልን ልለው ጎትቼ አመጣሁት። በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

«ወንድ ጠፍቶ ነው?» አለ ቢላዋውን በጥንቃቄ ለእናቴ እየመለሰ።

«ጠፍቶ ነው» አለች እናቴ።

«ከእኛስ ቤት ወንድ ከሌለ እናቴ ራሷ ታርዳለች» አለ። «ቢስሚላህ ትልና ታርዳለች፣ እኛም እንበላለን። አባቴ ለንግድ ሲወጣ ስንት ጊዜ አርዳልናለች።» ጉራም ምክርም አልነበረበትም፤ ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ እንደሚያወራው ነው ያወራው። የሚኒባሱ ጥሩንባ ጮኸ። «መልካም ፋሲካ ይሁንላችሁ» ብሎን ሮጠ።

እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። ድስቱ ውስጥ ያለው ቁሌት ሲንተከተክ ይሰማል። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነው። ምን እንደምታስብ አውቄ ነበር፤ ስለማውቅም ቀድሜ ለመናገር ቸኮልኩ።

«ስጪኝ፣ እኔ አርደዋለሁ።»

«አንቺ ገና ትዳር ይጠብቅሻል» አለች። «ዶሮ አራጅ ይሉሻል፤ ስምሽ በየቤቱ ይዞራል። የእኔ ስም ቢዞር ምን ይቀርብኛል?»

«ማንም አይበላልሽም።»

«እኛ እንበላለን። ያዢው።»

ዶሮውን ያዝኩት፤ ክንፎቹን በአንድ እጄ፣ እግሮቹን በሌላው። ወደ ምሥራቅ አዞረችን። ወስፌ ያጠነከረው አውራ ጣቷ ቢላዋው ላይ ሲቆለፍ አየሁት። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ ብላ። በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። ከዚያ አሮጌ እንቅብ ደፋችበትና መፈራገጡን እስኪያቆም በመዳፏ ተጫነችው። እንቅቡ ሲረጋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያንን ዶሮ ገና እንቁላል ሳለ ታውቀዋለች፤ እናቱን አስታቅፋ ያስፈለፈለችው እሷ ነች። አላባበልኳትም፤ ማባበል የምትወድ ሴት አይደለችም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ውሃው ፈልቷል?» አለችኝ።

ፈልቶ ነበር። ነጨነው፣ ለበለብነው፣ በሎሚና በጨው አሸነው፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመን አጠብነው። እናቴ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ አወጣችው። አንድም አጥንት አልሰበረችም፤ ከመገጣጠሚያው እያገኘች ነው የምትገነጥለው። ሳይመሽ ድስቱ ውስጥ ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ስንገድፍ የመጀመሪያውን ጉርሻ የጎረሰችው እሷ ነች። እኔ፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ፣ እጄ ወጡ ጋ ሲደርስ አንድ አፍታ አቅማማ። ልማድ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው መሰለኝ። እህቴ «ምንም አንሆንም አይደል?» አለች ቀስ ብላ። እናቴ አላምጣ ዋጠችና «ጨው አንሶታል» አለች። ያኔ ሦስታችንም በላን።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አጎቴ መጣ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የበግ ወርች ይዟል፤ ከኋላው ጎረቤታችን አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። «እንኳን አደረሳችሁ» አለና ወርቹን ለእኔ አቀበለኝ። «ያለ ሥጋ እንዳትውሉ ብዬ ነው። ዶሮው መቼም ለሌላ ጊዜ ይደርሳል።» በአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ርኅራኄው ነው አንጀቴን ያሳረረው፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጋሼ» አለችና ገና ባለፈው ክረምት የሰፋችውን መሶብ አቀረበች። ከፈተችው። ድስቱን አምጥታ እንጀራው መሀል ወጡን በጭልፋ አወጣች፣ ቀዩ መረቅ እየፈሰሰ፣ እንቁላሉ ከላይ። ሽታው ቤቱን ሞላው። አጎቴ እጁን ታጥቦ ለመቁረስ ዘረጋ፤ ከዚያ እጁ መሀል ላይ ቆመ።

«ማን ባረከላችሁ?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ አዛውንቱ ዞረ። «አንቱ ኖት?»

«እኔስ በሆንኩ» አሉ እሳቸው። «አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

አጎቴ እጁን ሰበሰበ። «ሴት ያረደችው?»

«ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ሥላሴን ጠርቼ ነው የባረኩት። የሚበላ ይብላ። የማይበላ ጾሙን ይቀጥል።»

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከጎረቤት አንድ ሰው እንኳ ካልበላ ነገ ስሟ በየቤቱ እንደሚዞር፣ ከዚያ አጎቴ ሽማግሌ እየላከ እንደሚያደክማት፣ ከዚያ ጓሮው እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አዛውንቱን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ወጡን ያያሉ።

«ሥላሴን ጠራሽ?» አሏት።

«ጠራሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ እኔ ከሥላሴ በልጬ ምን እጨምርበታለሁ?» አሉና እንጀራውን ቆረሱ፣ መረቁን አጥቅሰው ጎረሱ። አላመጡ፤ ደገሙ። «ትላንት ልጅሽ ስትለምነኝ እምቢ አልኳት» አሉ። «አፍሬ ነው ያደርኩት።»

አጎቴ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ለእናቴ ሳይሆን ለአዛውንቱ፣ «ገዢው ማክሰኞ ይመጣል» አላቸው።

«በከንቱ እንዳይደክም ይደውሉለት» አለች እናቴ። «ፋሲካን ታሳየን ነው ያሉኝ። ይኸው አየኋት ይበሉ።»

«እኔን ሽማግሌ ብለህ አምጥተኸኛል» አሉ አዛውንቱ። «ሽማግሌ ያየውን ነው የሚናገረው። ይኼ ቤት ባለቤት አለው።»

ከዶሮው አሥራ ሁለት ብልት አንዱ ፈረሰኛ ይባላል፤ የአባወራ ድርሻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ለአጎቴ ነበር የምታወጣው፣ እሱም እየተግደረደረ ይቀበላት ነበር። እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አዘቀዘቀች፣ ፈለገች፣ አገኘችው። አጎቴ ለመሄድ ተነስቶ ጋቢውን እያጣፋ ያያታል፤ ልትሰጠው ብትዘረጋ የሚቀበልም የማይቀበልም አይመስልም። አላየችውም። ፈረሰኛውን በራሷ በኩል አስቀመጠች፣ በእጇ አነሳችው፣ እሱ በሩን አልፎ እስኪወጣ ድረስ ቁጭ ብላ አጥንቱን ጋጠች።